ኖራ የጠገበች ብርቱካን

እኔ ስናገር ባለቤቴ ለአስር እያካፈለች ነው የምትሰማኝ። «ጎርፍ ሐረርን ይዟት ሄደ» ካልኩ ካልሲዬ ረጥቧል ማለት ነው። «በረሃብ ሞትኩ» ካልኩ ቁርስ በልቻለሁ፣ ምሳ ግን ትንሽ ዘግይቷል። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከጀጎል ተመልሼ «የእትዬ ብርቱካን እየሞተች ነው» ስላት፣ ከምታርመው የተማሪ ፈተና ቀና እንኳ ሳትል፣

«አንድ ቅጠል ረገፈ ማለት ነው» አለች።

«ቀልዴን አይደለም። ቢጫ ሆናለች።»

«ብርቱካን ቢጫ ቢሆን ምን ይገርማል?»

«ፍሬዋ መች ሆነ፤ ቅጠሏ ነው። እትዬም የግፊት ክኒናቸውን መዋጥ አቁመዋል።»

ያኔ ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህንን ለአስር ልታካፍለው አልሞከረችም።

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። አባቴ «እትዬ» ሲላቸው እየሰማን ስላደግን እኛም እንደዚያው ቀረን። ቤታቸው ጀጎል ውስጥ ነው፣ ከግንቡ ጥግ፤ ወፍራም ሰውና ጭነት የያዘ አህያ ከተገናኙ ሽማግሌ ካልተላከ በቀር መተላለፍ በማይቻልበት መንገድ መጨረሻ። ቅድመ አያቴ ከሸዋ መጥተው እዚያ ቀሩ፤ ልጃቸውም የልጅ ልጃቸውም እዚያው ተወለዱ። እትዬ ሲወለዱ አባታቸው እትብታቸውን ግቢው መሃል ቀበሩት፤ ከላዩ ላይ ከኤረር ቆላ ያመጡትን የብርቱካን ችግኝ ተከሉበት። ሌላው ሰው «እትብቴ የተቀበረበት» ሲል እጁን ወደ ሩቅ ተራራ ይዘረጋል። እትዬ ግን ከበርጩማቸው ሳይነሱ በእግራቸው ጣት ነው የሚያሳዩት።

«እሷ ስትሄድ እሄዳለሁ» ይሉ ነበር ሁልጊዜ። እኛ እንስቅ ነበር፤ ከሁሉም አብልጬ የምስቀው እኔ ነኝ። «እንግዲያው ቆርጠን ወንበር ብናሠራት እርስዎም ቁጭ ብለው ይሞቱልናል» ስላቸው የብርቱካን ልጣጭ ይወረውሩብኝ ነበር። ያን ቅዳሜ ግን የወረወሩት ነገር የለም። የሚወረወር ብርቱካንም አልነበረም።

ስለ ቢጫው ልንገራችሁ። ደረቅ ቅጠል ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዳር ይጀምርና ይኮማተራል። ይሄኛው እንደዚያ አልነበረም። በቅጠሉ ጅማቶች መካከል ሾልኮ የገባ፣ ቀስ ብሎ የሰፋ ቢጫ ነው። ከቅጠሉ ግርጌ ብቻ እንደ ጦር ጫፍ የሾለች ትንሽ አረንጓዴ ትቀራለች። ከዚያ ደግሞ እሷም ታልቃለች። ይበልጥ ያስፈራኝ ግን አመራረጡ ነበር። ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ለምለም እንደሆኑ ናቸው፤ የሚነኩት የቆዩት፣ ከውስጥ ያሉት ናቸው። ሞት አድራሻ ተሰጥቶት የመጣ ይመስል ሽማግሌ ሽማግሌውን እየለየ ይወስዳል። እትዬም ይህን አይተዋል። ሳይነግሩኝ አወቅሁ፤ ምክንያቱም ለቀብራቸው ብለው ያስቀመጡትን ነጭ አቡጀዲ ከሳጥን አውጥተው ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ላይ አስጥተውት ነበር። አየር እንዲያገኝ ነው አሉ። ቢጫው ቅጠል አንድ በአንድ እየወረደ አቡጀዲው ላይ ያርፋል፤ እሳቸው በጣታቸው ያራግፋሉ።

«ክኒኑስ እትዬ?»

«እሷ መድኃኒት የላትም። ብቻዬን ልዋጥ?»

«እሷ ደም ግፊት የለባትማ!»

«ምን ታውቅልኛለህ አንተ ቀጣፊ። ፍሪጅ ጠጋኝ።»

እውነታቸውን ነው። ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነው፤ ለፍሪጅ ጋዝ ይሞላል፣ ለብርቱካን ምን እንደሚሞላ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሳምንታት የበግ ፍግ በባጃጅ ጭኜ አመጣሁ (ሹፌሩ እስከ ዛሬ ሲያየኝ መስኮቱን ይዘጋል)። ውኃ አጠጣሁ። ይባስ ቢጫ ሆነች። እትዬ ደግሞ ዕቃ ማደል ጀመሩ፤ ብርድ ልብሱን ለአንዷ፣ ድስቱን ለሌላዋ። ለእኔ የሰጡኝ የግቢውን ትርፍ ቁልፍ ነው። «በሩን ሰብራችሁ እንዳትገቡ፤ እንጨቱ ጥሩ ነው» አሉኝ። እኔ እድሜ ልኬን ስቀልድ የኖርኩ ሰው ቁልፉን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ።

ቁልፉን በሰጡኝ ቀን ልሰናበታቸው ስል ነው ያን ነገር የተናገሩት። ያኔ ጆሮዬ እንኳ አልያዘውም።

«ለአረፋ ይሻላት ይሆናል። ዘንድሮ ኖራውን ጠቀም አድርገው እንዲያጠጡልኝ ለሐጃ ነግሬያለሁ።»

ሐጃ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት ናቸው፤ ሐረሪ፣ ከእትዬ ጋር አብረው ያደጉ፣ አብረው ያረጁ። ስም አላቸው፤ ግን መካ ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ሐጃ ነው የሚላቸው። አረፋ ሲደርስ ያ መንገድ በሙሉ ግድግዳውን ኖራ ይቀባል። ክርስቲያኗ እትዬም አብረው ያስቀባሉ፤ በነጭ ግድግዳ መሃል ብቻውን የጠቆረ ቤት አይወዱም። ቀለሙ ሲያልቅ ደግሞ ባልዲው ይታጠባል፤ እጣቢው የሚደፋው ብርቱካኗ ሥር ነው። የእትዬ ባልዲ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ሁሉ ነው። ከግድግዳ የተፋቀው አሮጌ ኖራም እዚያው ይከመራል። ግንዷም እስከ ወገቧ ኖራ ትቀባለች። ነጭ ነገር በረካ ነው ተብሎ፣ እናቶቻቸው ያደርጉት የነበረ ነው። ሰው ለወዳጁ ሥጋ ይልካል፤ እዚያ መንገድ ላይ የኖራ እጣቢ ለብርቱካኗ ይላካል። ሳይልኩ የቀሩ እንደሆነ ቅያሜ ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ለባለቤቴ ስለ ቅጠሉ ዘርዝሬ ስነግራት ግርጌ ላይ ስለምትቀረው የጦር ጫፍ ሁለቴ አስደገመችኝ። ባለቤቴ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ ከጎጃም ተመድባ መጥታ እኔን በማግባት የተቀጣች። «ነገ አፈሩን አምጣልኝ» አለች።

በማግስቱ ከግንዷ ሥር ቆፍሬ በፌስታል አመጣሁላት። አፈሩ ቀለሙ ራሱ ደስ አይልም፤ ግራጫ፣ በመካከሉ ነጫጭ ፍንካች ያለበት፣ አጥንት የተወቀጠበት የሚመስል። ባለቤቴ ከእኛ ግቢ ጥቂት አፈር በአንድ የሻይ ብርጭቆ፣ የእትዬን በሌላ ብርጭቆ አደረገች። ከዚያ ከኩሽና አቼቶ አመጣችና መጀመሪያ የእኛው ላይ ጠብ አደረገች። ምንም። ጭቃ ሆነ፣ በቃ።

የእትዬ ላይ ጠብ ስታደርግ አፈሩ ተናገረ።

ይህን ለአስር አታካፍሉት። ሽሽሽ አለ፤ ጎጆ ጣሪያ ውስጥ እንዳለ እባብ። አረፋው እየተፍለቀለቀ ብርጭቆውን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እኔ ወንበሬን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«ይሄ አፈር ነው ለስላሳ?»

እሷ አልሳቀችም። «ኖራ ነው። አፈር የምትለው ነገር ብዙ አልቀረም እዚህ ውስጥ።»

«ኖራ ደግሞ ምን ያደርጋታል? ለአጥንት ጥሩ ነው ትሉ የለ?»

«ካልሲየም ነው፣ ለሷም ያስፈልጋታል። ግን ሥሯን ፈረስ መጋላ አደባባይ የቆመ ሚኒባስ አድርገህ አስበው። ካልሲየም ወንበሩን ሁሉ ሞልቶ፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሄዷል። ማግኒዚየም ውጭ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፤ ማን ያቆምለታል? የቅጠል አረንጓዴነት ደግሞ እምብርቱ ማግኒዚየም ነው። አዲስ ሲያጣ ዛፉ ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች እየነጠቀ ለለጋዎቹ ይልካል።»

«ስለዚህ ኖራውን እናውጣዋ።»

«የገባ ኖራ አይወጣም። ሌላውን መጨመር ነው ያለው፣ እሱንም በልክ። ማግኒዚየሙን ካበዛኸው እሱ በተራው ካልሲየሙን ያባርረዋል። ከሁሉ በፊት ግን ኖራው መቆም አለበት።»

እዚህ ላይ ነው የእትዬ ቃል ጆሮዬ ውስጥ የደረሰው። ዘንድሮ ጠቀም አድርገው ያጠጡልኝ። አረፋ በዚያው ሳምንት ነበር። ዛፏን ለማዳን ብለው የሰፈሩን ኖራ በሙሉ ሊደፉባት ነው። ዛፏ ስትሄድ ደግሞ እሳቸው…

«እንንገራቸው» አለች ባለቤቴ።

«ምን ብዬ? እትዬ፣ በፍቅር መርዘው ገደሏት ልበላቸው?»

«መርዝ አትበል። እባክህ አሁን እንኳ አታጋን።»

«ይህን ሳላጋንን እንዴት እንደሚባል አላውቅም።»

አላውቅምም ነበር። በሞት አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው «ገፊው አንተው ነህ» አይባልም። ተመካክረን ሐጃ ጋ ሄድኩ፤ ኖራው ሳይመጣ ቢቀር እትዬ ምክንያቱን ሳያውቁ ነገሩ ያልፋል ብዬ።

ሐጃ ግቢያቸው ውስጥ ኖራ እየበጠበጡ ነበር። በርሜሉ ውስጥ ያለው ነጭ ድንጋይ ውኃ እንደ ነካው ይፈላል፤ እሳት የለም፣ እንጨት የለም፣ ግን ይጉረመረማል፣ እንፋሎቱ ፊት ይለበልባል። ሐጃ በረጅም ዱላ ያማስሉታል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጭ ነው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ዱላው ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ኖራው ነው የሚጎዳት፣ ሐጃ።»

«ማነው ያለው?»

«ባለቤቴ።»

«ሱብሃነላህ። አንተ ብትለው ስቄ አልፈው ነበር።» በርሜሉን አዩ። «እናቴ ታጠጣት ነበር። እኔም ሴት ከሆንኩ ጀምሮ… በየዓመቱ፣ ቢስሚላህ ብዬ። ያ ረቢ። መርዝ ሳጠጣት ነው የኖርኩት ነው የምትለኝ?»

«መርዝ አይባልም ሐጃ፣ ሚኒባሱ ሞልቶ ነው…»

«የምን ሚኒባስ? አቦ ተወኝ!» ዱላውን አነሱት፤ የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፣ ግን መልሰው በርሜሉ ውስጥ ከተቱት። «እሷ ታውቃለች?»

«አያውቁም። ባይነገራቸው ይሻላል። ብቻ እጣቢው ሌላ ቦታ ይደፋ።»

«አብሽር፣ አታስብ» አሉኝ። ግን አላዩኝም፤ እጃቸውን ነበር የሚያዩት።

በአረፋ ዋዜማ እኔና ባለቤቴ እትዬ ጋ ሄድን። ባለቤቴ መራራውን ጨው ከፋርማሲ ገዝታ ይዛለች፤ ሆድ ማጠቢያ ተብሎ የሚሸጠው ያ ነጭ ጨው ማግኒዚየም ነው። በቦርሳዋ ውስጥ አቼቶም አለ፤ ለምን እንደያዘችው አልጠየቅኋትም። መንገዱ ግራ ቀኙ ገና ባልደረቀ ኖራ ነጥቶ ዓይን ያጭበረብራል፤ ግድግዳውን ነክቼ ትከሻዬ ነጣ። ግቢው ውስጥ ስንገባ እትዬ ከብርቱካኗ ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከማለዳ ጀምሮ ነው የተቀመጡት፤ ባልዲ ሲጠብቁ። መጥረጊያው አጠገባቸው ነው፤ ለሚመጣው ሰው ሥሯን ጠርገው፣ ቦታ አዘጋጅተው።

ማንም አልመጣም።

ከውጭ የባልዲ ድምፅ ይሰማል። ውኃ ይደፋል፣ ሰው ይስቃል። እትዬ በእያንዳንዱ ድምፅ በሩን ያያሉ። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ኖራው ቢቀር ዛፏ ታርፋለች ብዬ እንጂ፣ ባልዲ ሳይመጣ ሲቀር እሳቸው ምን ብለው እንደሚያነቡት አላሰብኩም።

«ተስፋ ቆርጠውባታል» አሉ በመጨረሻ፣ በለሆሳስ። «አውቀዋል። ለሞተ ሰው ምሳ አይላክም።»

«እትዬ፣ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፤ ዛሬ ሐረር ውስጥ ያለ ኖራ በሙሉ አልቆ ከድሬዳዋ በአውሮፕላን…»

«ዝም በል።»

ተነሡ። የራሳቸውን ባልዲ አነሡ። «እኔው እቀዳላታለሁ» ብለው ወደ በሩ ሲሄዱ እኔ ፊታቸው ቆምኩ፤ ያለ ምክንያት የቆምኩ ሞኝ ሆኜ። ሲገፉኝ የእጃቸው አቅም ገረመኝ፤ ፊታቸው ቀልቷል፤ አንገታቸው ላይ ያለው የደም ሥር ሲመታ ይታያል። ክኒን ካቆሙ የሰነበቱ ሴት ናቸው። እዚሁ በር ላይ ይወድቁብኛል ብዬ ነበር።

በዚህ መሃል ሐጃ በሩን ከፍተው ገቡ። ባዶ ባልዲ ይዘዋል።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የናንተን ሥራ ልሠራ ነዋ! ምን በደልኳችሁ? እኔን ብትቀየሙ እሷ ምን አጠፋች?»

«እኔ ነኝ የከለከልኳቸው» አሉ ሐጃ። ባልዲውን አስቀመጡት። «ኖራው አልቋል ብዬ ልዋሽሽ ነበር የመጣሁት። ይሄ ልጅ አትንገሪያት ብሎኝ ነበር። ግን ካንቺ ጋር ውሸት አልለመድኩም። ኖራው ነው የሚገድላት። እኛ ነን። እናቴ፣ እኔ፣ አንቺ።»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ሳቁ፤ ደረቅ ሳቅ። «ይሄን ሰምተሽ ነው? ይሄ እኮ ባቢሌ ላይ ዝሆን ባጃጅ ተሳፍሮ አየሁ ያለኝ ነው!»

ዕድሜ ልኬን የዘራሁትን እዚያች ግቢ ውስጥ አጨድኩ። «እውነት ነው እትዬ» አልኩ። «ወላሂ» ብዬም ጨመርኩ፣ በማርያምም ማልኩ። አላመኑኝም። ማን ያምነኛል?

ባለቤቴ ከግንዷ ሥር ተንበረከከች፤ አቼቶውን ከፍታ መሬቱ ላይ አፈሰሰች።

መሬቱ ጮኸ። እትብታቸው የተቀበረበት መሬት በዚያ ሁሉ ጸጥታ መሃል ሽሽሽ ብሎ ተነፈሰ፤ አረፋው ከሥሮቿ መካከል ወጣ፣ ነጭ፣ የሚንቀሳቀስ። እትዬ አማተቡ። ሐጃ «አዑዙ ቢላህ» አሉ። ሁለቱም ወደ ኋላ አንድ እግር ሸሹ፤ ከዚያ እትዬ ብቻ ተመልሰው ቀረብ አሉ፤ ጎንበስ ብለው ድምፁ እስኪያልቅ አዳመጡ።

«እውነት ነው፣ መምህርት?»

«እውነት ነው እትዬ።» ባለቤቴ ሳታለባብስ ነገረቻቸው፤ ስለ ኖራው፣ ስለ መራራው ጨው። በሥር በኩል መንገዱ የተዘጋ ስለሆነ ጨው በውኃ በጥብጠን ቅጠሏ ላይ እንደምንረጭ።

«ትድናለች?»

«ልትድን ትችላለች። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ግን ብዙዎቹ ይረግፋሉ። ያላቸውን ለለጋዎቹ ሰጥተው ጨርሰዋል።»

«አወቁበት» አሉ እትዬ። ቅርንጫፉ ላይ የተሰጣውን አቡጀዲ ቀስ ብለው አወረዱና ደረታቸው ላይ አጠፉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። «ሰጥቶ መሄድ ነው። እንግዲህ በእጄ ከገደልኳት አብሬያት መሄዱ ይበልጥ ተገቢ ነው። ክኒኑንም ይዛችሁልኝ ሂዱ።»

እንግዲህ ይህ ነበር የፈራሁት። ባለቤቴ አየችኝ፤ እኔ አየኋት። 

ሐጃ መሬት ላይ ተቀመጡ። በርጩማ ሳይፈልጉ፣ እዚያው ርጥቡ ላይ።

«እኔስ?» አሉ።

«አንቺ ምን?»

«ከኔ የበለጠ ማን አጠጣት? አንቺ ያንድ ቤት ነው የደፋሽው፣ እኔ የሰፈሩን ሁሉ እያስመጣሁ ነው። እሷን የገደልኳት እኔ ነኝ። አንቺ ከሷ ጋር ከሄድሽ አንቺንም የገደልኩሽ እኔ ነኝ።» ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ኖራው ደርቆ ተሰንጥቋል፣ የሙት እጅ ይመስላል። «በዚህ እጅ ነገ ሶላት ልቁም? አላህ ሲጠይቀኝ ጓደኛሽ የት ናት ሲለኝ በባልዲ ገደልኳት ልበል? አታሸክሚኝም። ወላሂ አታሸክሚኝም።»

እትዬ ቆመው አዩአቸው። ለመሞት ማንንም ማስፈቀድ የማይፈልጉ ሴት ነበሩ፤ ዛፏም እትብቱም የራሳቸው ናቸው። አሁን ግን ሞታቸው ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ ቁጭ ብሏል፤ ካልተነሣላቸው ማለፍ አይችሉም። ይህ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። የተሸነፈ ሰው ፊት ነው፤ የዳነ ሰው ፊት አልነበረም።

«ክኒኑን አምጣ» አሉኝ።

«ውኃ ላምጣ?»

«አምጣ አልኩህ!»

ያለ ውኃ ዋጡት። አነቃቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ግን ወረደ። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«መሞቻዬን ቀማኸኝ። አንተ ቀጣፊ።»

አረፋ አለፈ። መራራውን ጨው በፍሪጅ ማጠቢያ መርጫዬ እየረጨሁ ነው፤ ባለቤቴ መጠኑን ትሰፍርልኛለች፣ እኔ ጨምሪበት ስላት በማንኪያው እጄን ትመታኛለች። ብርቱካኗ አሁንም ቅጠል ታራግፋለች። ወደ ላይ ስታዩ በቅርንጫፎቿ መካከል ሰማይ በዝቷል። ጫፎቹ ላይ አዲስ እንቡጥ ያለ ይመስለኛል፤ ግን ይመስለኛል የምለው እኔ ስለሆንኩ ማንም አልተቀበለኝም። ባለቤቴ ክረምቱ ይግባና እናያለን ትላለች። ብርቱካኗ ብትሞትስ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋት፤ የቀኑን ጨው ሰፍራ አቀበለችኝ።

ሐጃ በየማለዳው ከሶላት በኋላ ይመጣሉ። አይቀመጡም፤ በሩ ላይ ይቆማሉ። እትዬ የረገፈውን ጠርገው፣ መጥረጊያውን አስደግፈው፣ ክኒኑን አፋቸው ውስጥ ያደርጋሉ።  ሐጃ ጉሮሯቸውን ያያሉ፤ እስኪወርድ። እትዬ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው፣ ምላሳቸውን አውጥተው ባዶ መሆኑን ያሳዩዋቸዋል፤ በንዴት። ከዚያ ሐጃ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ይሄዳሉ፤ ነገም እንደሚመጡ ሁለቱም ያውቃሉ።